ልጃችሁ ከጄሰን ጋር ሲተዋወቅ

ልጃችሁ ተደብቆ ጄሰን የሚባለው ገዳይ ያለበትን የአሜሪካ አስፈሪ ተከታታይ ፊልም፣ «ፍራይዴይ ዘ ሰርቲንዝ»ን አይቶ ከሆነ አትቆጡት። መጀመሪያ የትኛውን ክፍል እንዳየ ጠይቁት። እኔ ልጅ ሆኜ ከወንድሜ ጀርባ ተሸጉጬ በካሴት ያየሁት ሦስተኛውን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ነው፤ የጄሰን የሆኪ ጭምብልም የመጣው እዚያ ላይ ነው። በ1980ው የመጀመሪያ ፊልም ገዳዩ ጄሰን ሳይሆን እናቱ ናት። ይህን ሲሰማ ልጁ መጠየቅ ይጀምራል። ይጠይቅ።

ከዚያ የፊልሙን አሠራር አሳዩት። ይሄ ነው ዋናው መድኃኒት። በመጀመሪያው ፊልም ተዋናዩ ኬቨን ቤከን አልጋ ላይ ተኝቶ አንገቱን በቀስት ሲወጋ አስታውሱ። ጭንቅላቱ የራሱ ነው። አንገቱና ደረቱ ግን የሜካፕ ባለሙያው የቶም ሳቪኒ ሥራ ናቸው። ተዋናዩ ከአልጋው ሥር ተንበርክኮ ጭንቅላቱን በቀዳዳ አውጥቷል። ደሙን የሚገፋው ፓምፕ እምቢ ሲል ደግሞ ረዳቱ ቱቦውን በአፉ ነፋ።

በፊልሙ የሚሰማው «ኪ ኪ ኪ፣ ማ ማ ማ» የሚለው ድምፅም የሙዚቃው ደራሲ የሃሪ ማንፍሬዲኒ አፍ ነው። ማይክሮፎን ላይ ተናግሮ እንዲያስተጋባ አደረገው። ልጁ በስልክ ይቅዳው፤ የራሱን ድምፅ መልሶ ይስማ።

ማታ በሩን ገርበብ፣ የኮሪደሩን መብራት አብሩ። እንደ አያ ጅቦ «ጄሰን ይመጣብሃል» እያላችሁ ማስፈራሪያ አታድርጉት፣ እባካችሁ። ድጋሚ ልየው ካለ ከፍ እስኪል ይቆይ። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሲኒማ ገብቶ አያየውም።