መኪና ለማትነዱ፦ የሥራ ጉዞ ታክስ ቅናሽ አጠያየቅ

የሚጥል በሽታዬ ገና ስላልተረጋጋ መንዳት አልችልም። ለንደን ውስጥ በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያንን እንከባከባለሁ፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በአውቶቡስ። ብዙ ሰው ለሥራ ጉዞ ወጪ የሚሰጠው የታክስ ቅናሽ የባለመኪና ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። ባለመኪና በማይል ያሰላል፣ እኛ ከኪሳችን ባወጣነው የትራንስፖርት ሒሳብ።

ከቤት ወደ ቋሚ የሥራ ቦታ መመላለስ ግን አይቆጠርም። መንዳት አለመቻላችሁም ይህን አይለውጠውም። ያናድዳል፣ ግን ሕጉ ነው። የሚቆጠረው በሥራ ላይ ከደንበኛ ወደ ደንበኛ ወይም ወደ ጊዜያዊ የሥራ ቦታ የምትሄዱት ነው። አሠሪያችሁ የመለሰላችሁን አትጠይቁበት።

ዋናው ጣጣ ማስረጃ ነው። በባንክ ካርድ እየነካችሁ ከተሳፈራችሁ፣ የባንክ መግለጫው የቀኑን ድምር ብቻ ያሳያል። ካርዱን በትራንስፖርት ድርጅቱ ድረ ገጽ አስመዝግቡና የጉዞ ዝርዝሩን አውርዱ። አውቶቡስ ላይ ስትወርዱ ካርድ ስለማትነኩ የት እንደወረዳችሁ አይመዘገብም። እኔ ቀኑን፣ መነሻና መድረሻውን፣ ምክንያቱንም እዚያው ስልኬ ላይ እጽፋለሁ።

ወጪው በዓመት እስከ 2,500 ፓውንድ ከሆነ ፒ87 በሚባለው ቅጽ ይጠየቃል። ያለፉትን 4 የታክስ ዓመታትም መጠየቅ ይቻላል። ሙሉው ግን አይመለስም፤ 20 በመቶ ታክስ የሚከፍል ሰው ከ100 ፓውንድ 20 ያገኛል።

በሕመም ወይም በአካል ጉዳት የተነሳ አውቶቡስና ባቡር የማይሆንላችሁ ከሆነ፣ ለቤት–ሥራ መመላለሻ ታክሲ፣ «አክሰስ ቱ ወርክ» የተባለውን የመንግሥት ድጎማ አመልክቱ። እሱ ከታክስ ጋር አይገናኝም።