እንቅልፋም ሁሉ ድባቴ የያዘው አይደለም፦ ከናርኮሌፕሲ ጋር የሚሠሩ ስህተቶች

ልጁ ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ትምህርቱ ወርዷል፣ ከሰው መቀላቀል ትቷል። «ድባቴ ነው» ይባልና መድኃኒት ይጻፍለታል፤ ጉዳዩም በዚያው ያልቃል። ግን ናርኮሌፕሲ፣ ማለትም አንጎል እንቅልፍንና ንቃትን መቆጣጠር ሲያቅተው ሰውን ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥለው ሕመም፣ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም የሚያናድደው ስህተት ይሄ ነው። መጠይቁ ራሱ ጥንቁቁን ባለሙያ ሳይቀር ያሳስታል። ለድባቴ ልየታ የሚሠራበትን ባለ 9 ጥያቄ ቅጽ እስቲ እዩት፦ እንቅልፍ መብዛት፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት መለወጥ፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል። እያንዳንዱ እስከ 3 ነጥብ ያስይዛል። ናርኮሌፕሲ ያለበት ሰው አንድም ቀን ሳይከፋው በእነዚህ አራቱ ብቻ 12 ሊያመጣ ይችላል፤ በቅጹ ደግሞ ከ10 እስከ 14 «መካከለኛ ድባቴ» ነው። ድምሩን ተዉትና መልሶቹን አንድ በአንድ አንብቡ። ሐዘን፣ ተስፋ መቁረጥ፣ ራስን መውቀስ፣ የመሞት ሐሳብ አለ ወይ?

«ፍላጎት ማጣት» የሚለው ጥያቄም ወጥመድ አለበት። «ሰርግ ለምን ቀረህ?» ሲባል «ምንም ደስ አይለኝም» የሚል አለ። «ስስቅ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ ሰው መሐል እንቅልፍ ይጥለኛል» የሚልም አለ። ይሄኛው ጨዋታ አልጠላም፤ መዋረድን ፈርቶ ነው። እንዲህ ሲሸሽ ዓመታት ካለፉ ግን ጓደኛውም ሥራውም ይርቁታል፤ ያኔ እውነተኛው ድባቴ ይከተላል። እንቅልፉን ራሱንም ጠይቁ። ናርኮሌፕሲ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሸለብ አድርጎት ሲነሣ ይታደሳል፣ ከሰዓታት በኋላ መልሶ ይጥለዋል። ድባቴ የያዘው ግን ግማሽ ቀን ተኝቶም እንደደከመው ይነሣል። ብቻውን ምርመራን የሚተካ መለያ አይደለም፤ ግን ምርመራ ለማዘዝ ይበቃል።

ተቃራኒው ስህተትም አለ፦ «እንቅልፉ ከተስተካከለ ስሜቱም ይስተካከላል» ማለት። ሞዳፊኒል ያነቃል እንጂ የድባቴ መድኃኒት አይደለም። ነቅቶም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከከፋው ድባቴው ለብቻው መታከም አለበት። ራስን ስለማጥፋት ሐሳብ በግልጽ ጠይቁ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። ውጭ አገር ሶዲየም ኦክሲቤት (ሌሊት የሚወሰድ የናርኮሌፕሲ መድኃኒት) የታዘዘላችሁ ደግሞ፣ የድባቴ ታሪክ ካላችሁ ሳትነግሩ አትጀምሩት፤ ድባቴውን ሊያባብሰው ይችላል። ከአልኮል ጋር ፈጽሞ አይወሰድም።

የድባቴ መድኃኒትን በድንገት ማቆም፦ ቬንላፋክሲን፣ ፍሉኦክሰቲንና መሰሎቻቸው የሕልም እንቅልፍን ስለሚያፍኑ ካታፕሌክሲን፣ ማለትም በሳቅ ወይም በድንጋጤ ጡንቻ መላላትን፣ ይቀንሳሉ። በአንድ ቀን ከተቋረጡ ካታፕሌክሲው ተደራርቦ ይመለሳል፤ አንዳንዴ ለሰዓታት። ሌላም ጣጣ አለ። የናርኮሌፕሲ ምርመራ ሌሊት እንቅልፍን መዝግቦ፣ በማግሥቱ በየ2 ሰዓቱ 5 ጊዜ ማስተኛት ነው። በአማካይ በ8 ደቂቃ ውስጥ ከተኛና ቢያንስ ሁለት ጊዜ ፈጥኖ ሕልም እንቅልፍ ውስጥ ከገባ ውጤቱ ናርኮሌፕሲን ይደግፋል። መድኃኒቱ ከሰውነት ሳይወጣ ከተመረመረ ግን የሕልም እንቅልፉ ሳይታይ ይቀርና «የለብህም» ይባላል። ስለዚህ ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ብዙውን ጊዜ ከምርመራው ቢያንስ 2 ሳምንት ቀድሞ መቆም አለበት። ፍሉኦክሰቲን ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ከዚያ በላይ ጊዜ ይፈልጋል። ድባቴው ከባድ ከሆነ ምርመራው ይቆይ።

ዱካክን እብደት ማለት፦ ሊተኛ ሲል ወይም ሲነቃ ሰው ደረቱ ላይ የተቀመጠበት፣ ጥላ በር ላይ የቆመ የሚመስለውና መንቀሳቀስ የሚያቅተው ሰው፣ ነቅቶ ሲውል ምንም የማይሰማውና የማያይ ከሆነ፣ የሥነ ልቦና ቀውስ መድኃኒት ይበልጥ ያስተኛዋል እንጂ አይፈይደውም። መቼ እንደሚያይ ጠይቁ።

ካታፕሌክሲን የሚጥል በሽታ ማለት፦ ቡና እየተጠጣ ቀልድ ይወራል። ትስቃለች፤ አገጯ ይወርዳል፣ ስኒው ከእጇ ያመልጣል፣ ጉልበቷ ይታጠፋል። የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች። ከሴኮንዶች እስከ ሁለት ደቂቃ ቆይታ ትነሣለች። ክብሪት አታሽትቷት፣ አፏ ውስጥም ምንም አትክተቱ፤ ጭንቅላቷ እንዳይመታ ደግፉና ጠብቁ። ራሷን ከሳተች ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይመርመር።

ጫት፦ ያነቃል፣ እውነት ነው። ሌሊቱን ግን ይሰብራል፤ ሲለቅ ስሜት ይወርዳል፣ እንቅልፉም ዱካኩም ይብሳል። ከዚያ የቱ የጫት፣ የቱ የናርኮሌፕሲ፣ የቱ የድባቴ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። የምትቅሙ ከሆነ ለሐኪሙ ሳታፍሩ ተናገሩ።

ሞዳፊኒል የምትወስድ ሴት ሆርሞን ባለው የወሊድ መከላከያ ብቻ አትተማመን፤ ያዳክመዋል። መድኃኒቱን ካቆመች በኋላም አንድ ወር ሌላ መከላከያ ያስፈልጋታል።