የአያ ጅቦ ብብት ለምን ይቀደዳል? ከሰልባጅ የሚሰራ የተረት ልብስ ችግርና መፍትሄ

ግንቦት ሲገባ፣ አዳማ ሙቀቷ ሲብስ፣ የንባብ ቀን የሚያደርጉ ትምህርት ቤቶች አሉ። ልጁ ካነበበው መጽሐፍ አንዱን ገጸ ባህሪ መስሎ እንዲመጣ ይታዘዛል። ወረቀቱ ሐሙስ ቤት ይደርሳል፣ ልብሱ ሰኞ ይፈለጋል። ወላጅ ወደ ሰልባጅ ተራ ይሮጣል። ከዚያ ደግሞ ወደ እኔ፣ ወደ ልብስ ሰፊዋ። እኔ ጋ የሚመጣው ታዲያ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ተሰርቶ የተበላሸ ነው። ልብሱን ከመቁረጥ በፊት ማጠቡን፣ ኪስ መፈተሹን፣ ብርሃን ላይ ይዞ ብል የበላው እንዳለ ማየቱን ታውቁታላችሁ። በቀጥታ ወደ ብልሽቱ።

ተነክሮ አድሮ ቀለም አልያዘም

ጨርቁ ፖሊስተር ነው። ለጥጥ የተሰራ ቀለም ፖሊስተር ላይ አይዝም፣ ብትቀቅሉትም አይሰማም። ከውስጥ ጠርዙ ጥቂት ክር መዝዙና ሲኒ ማስቀመጫ ላይ አድርጋችሁ ክብሪት አስነኩት። ጥጥ ወረቀት ወረቀት እየሸተተ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ይቀልጥና ሲበርድ ጠጠር ይሆናል። ጠጠር ከሆነ ቀለሙን ተዉት፤ የምትፈልጉት ቀለም ያለውን ሌላ ልብስ ፈልጉ። ጥጥ ሆኖ ቢይዝ እንኳ የተሰፋበት ክር ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ስለሆነ በድሮው ቀለሙ ይቀራል። አንበሳው ላይ ነጭ መስመር ስታዩ አትደንግጡ።

ጆሮው ተገነጠለ

በሙጫ ስለተለጠፈ ነው። በሙቅ ሽጉጥ የሚለጠፈው ሙጫ ግንቦት ላይ ፀሐይ ያቆመው ባጃጅ ውስጥ ሲቀመጥ ይለሰልሳል። መርፌና ክር ያዙ።

ልጁ እጁን ሲያነሳ ልብሱ አብሮ ይነሳል፣ ወይም ብብቱ ይቀደዳል

ዋናው ይሄ ነው። በየዓመቱ ይሄው፣ በየዓመቱ ያው ብብት።

እናት ገበያ ውስጥ ግራጫ የሴት ካፖርት ታገኛለች። ጸጉራም ነው፣ ርካሽ ነው፣ አያ ጅቦን ቁጭ! ለስድስት ዓመት ልጅ ግን ይሰፋል። ስለዚህ ጎንና ጎኑን ታጠበዋለች፣ እጅጌውን ታሳጥራለች፣ ልጁን መስታወት ፊት ታቆመዋለች። ልክክ ብሏል። ችግሩ ልጁ ቆሞ አይውልም።

የአዋቂ ካፖርት እጅጌ የሚገባበት ቀዳዳ ትልቅ ነው። ልጅ ላይ ሲሆን የቀዳዳው ታችኛ ጫፍ ወገብ ሊደርስ ምንም አይቀረው። ጎኑን ብታጠቡት ቀዳዳው ወደ ላይ አይወጣም፣ እዚያው ወርዶ ይቀራል። በሌላ አነጋገር የልጁን ክንድ ከጎኑ ጋር ሰፍታችሁታል። እጁን ሲያነሳ የሚያነሳው ካፖርቱን በሙሉ ነው። ካፖርቱ እምቢ ካለ ይቀደዳል።

አንድ ጅብ ነበር። መምህሯ ጥያቄ ስትጠይቅ «ቲቸር! እኔ! እኔ!» ብሎ እጁን ሰቀለ። ካፖርቱ ከነኮፍያው ተነሳ፣ ትከሻው ጆሮው ጋ ደረሰ፣ የጅቡ ጥርስ አፍንጫው ላይ ተደፋ። ከላይ የምትታየው ጣቱ ብቻ ነበረች። ክፍሉ «ጅቡ በላው!» እያለ ሳቀ፣ እሱ አለቀሰ። እናቱ ልብሱን ይዛ መጣችና «እህቴ፣ አንገቱን አጥብቢልኝ፣ እየተነሳ አስቸገረ» አለችኝ። አንገቱ ምን አጠፋ?

የእመት ጦጢት ደግሞ ይብሳል። ቡኒ ሹራብ ጃኬት ነው። መጀመሪያ ስፌቱ ተተረተረ። አባትየው በድርብ ክር ሰፋው። አሁን ስፌቱ ጠንክሮ ጨርቁ ራሱ ከስፌቱ ጎን ተቀደደ። ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ከውስጥ ወፍራም ጨርቅ ደረበበት፣ ይሄኔ መቀደዱ ወደ ጀርባው ሄደ። በዓሉ ቀን ልጅቷ ወንበር ላይ ልትወጣ ስትል ደግማ ቀደደችው፣ አንድ ሰው በስቴፕለር መታው፣ የስቴፕለሩ ሽቦ ቀኑን ሙሉ ብብቷን ሲቧጭራት ዋለ። ልጅ በለበሰው ልብስ ላይ ስቴፕለር አይመታም። መርፌ ቁልፍም ብብት ውስጥ አይገባም፣ ሲከፈት የሚወጋው ስስ ቦታ ነው።

የሚቀደደውን ቦታ ማጠንከር መፍትሄ አይደለም። ማላላት ነው።

ገና ካልገዛችሁ በትከሻ ግዙ። ልጁን በሜትር ከአንዱ የትከሻ አጥንት እስከ ሌላው ለኩትና ገበያ ስትሄዱ ቁጥሩን ያዙ። የልብሱ ትከሻ ከአንዱ የእጅጌ ስፌት እስከ ሌላው ሲለካ ከዚያ በ2 ወይም በ3 ሴንቲ ቢበልጥ ጥሩ ነው። ርዝመት ይቆረጣል፣ ጎን ይጠባል፣ የትከሻ ስራ ግን ራስ ያዞራል። «ያድግበታል» የሚሉት ነገር እዚህ ላይ አይሰራም። ልብሱ የሚለበሰው አንድ ቀን ነው።

ከገዛችሁ በኋላ ከሆነ ብብቱን ተርትሩ። ከቀዳዳው ታች ጀምራችሁ በእጅጌው በኩል እስከ ክርን ግማሽ፣ በጎን በኩል ደግሞ ወደ ታች ያንኑ ያህል። ሲከፈት የአልማዝ ቅርጽ ይሰራል። እዚያ የሚለጠጥ ጨርቅ አስገቡ፤ ያረጀ ካኒቴራ ይበቃል። ለስድስት ዓመት ልጅ እያንዳንዱ ጎን ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሆኖ ቢቆረጥ ይሆናል። የሚለጠጥበት አቅጣጫ ክንዱ በሚነሳበት በኩል ይሁን፣ ገልብጣችሁ ከሰፋችሁት ልፋቱ ከንቱ ነው። ቀለሙ ከካፖርቱ ጋር ባይገጥም ብብት ስር ማን ያየዋል?

ሌሊት ስድስት ሰዓት ሆኖ ሰኞ ጠዋት ከሆነ የሚለበሰው ደግሞ አትስፉት። ብብቱን እስከ 10 ሴንቲ ክፍት ተዉትና ጠርዙን ብቻ ዘምዝሙ፣ ከውስጥ ተመሳሳይ ቀለም ያለው ካኒቴራ ይልበስ። ክንዱ እንደ ልቡ ይነሳል፣ ነፋስም ይገባዋል። በአዳማ ሙቀት ይሄ ትርፍ ነው። እኔ ጊዜ ቢኖረኝም አንዳንዴ ይሄኛውን እመርጣለሁ።

ስትጨርሱ በመስታወት አትፈትኑት። ሁለት እጁን ይስቀል። ቁጢጥ ይበል። ጉልበቱን ይቀፍ። እጁ ተሰቅሎ የልብሱ ታችኛ ጫፍ ከአራት ጣት በላይ ከተነሳ ብብቱ አልተስተካከለም፣ ተመለሱ።

ልጁ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ አወለቀው

ሞቆት ነው፣ አትቆጡት። የካፖርት ገበር አየር አያስገባም። ገበሩን ተርትራችሁ አውጡት። ይበልጥ የሚሻለው ጸጉራሙን ጨርቅ ቆርጦ ቀጭን የጥጥ ካኒቴራ ላይ ደረቱን፣ ትከሻውንና የእጅጌውን ጫፍ ብቻ መልበድ ነው። ጀርባው ካኒቴራ ይቅር።

ጭራው ሱሪውን ያወርዳል

ጭራው ሱሪው ላይ ተሰፍቶ በጨርቅ ቁርጥራጭ ተሞልቷል፣ ይከብዳል። ለብቻው ሰፊ ላስቲክ ላይ ሰፍታችሁ ከሱሪው ስር ወገቡ ላይ ይታጠቅ፣ በሱሪው የኋላ ስፌት ላይ በተከፈተች ቀዳዳ ይውጣ። ውስጡን ፌስታል ሙሉት። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፣ ካለዚያ ጓደኞቹ ይረግጡታል። ላስቲኩን ከሰልባጅ ቀሚስ አትፍቱ። ጆሯችሁ ጋ አስጠግታችሁ ሳቡት፣ ጭርጭር ካለ ደርቋል። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው ቀጭን ላስቲክም አንድ ቀን የማይውል ጉድ ነው።

የንጉሡ ካባ ነፋስ ይወስደዋል፣ አንገቱን ያንቀዋል

ከከተማው አጠገብ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ለጌጥ አይደለም። ካባ አንገት ላይ አይታሰር። ደግሜ እላለሁ፣ በገመድም በሻሽም አይታሰር። ሁለቱ ትከሻ ላይ በቬልክሮ ይያዝ፤ ሲጎተት ይላቀቅ፣ ሥራው መላቀቅ ነው። ባጃጅ ውስጥ ደግሞ አውልቃችሁ ጭናችሁ ላይ ያዙት። በጎን የተንጠለጠለ ጨርቅ ጎማ ውስጥ ከገባ ቀልድ የለውም። ናይለን ጸጉር የለበሰ ልጅም ቡና ሲፈላ ከሰሉ ጋ አይቀመጥ፣ ቆዳው ላይ ይቀልጣል።

የአለቃ ገብረሃና ጥምጣም ይፈታል

ሹራብ ኮፍያ ላይ ጠቅልላችሁ በጥቂት ቦታ በመርፌ ያዙት።

ጭንብሉ እያለ ይደናቀፋል

ጭንብሉን አንሱት። ዓይኑንና ጥርሱን ኮፍያው ላይ ስፉት፣ ፊቱ ይታይ።

ዚፑ ተዘግቶ ከኋላው ይከፈታል

ጥርሱ ሙሉ ከሆነ ያረጀው የሚንሸራተተው ብረት ነው። ሁለቱን ጎኖቹን በፒንሳ ቀስ ብላችሁ ጠበቅ አድርጉ፤ በኃይል ከተጫናችሁት ይሰበራል። ቢያንቅ ሻማ እሹበት። ጥርሱ ከጎደለ ግን ዚፑ ላይ አትልፉ፣ ቁልፍ ትከሉ።