ርካሽና ትንሽ የኮምፒውተር ኬዝ ከመግዛትዎ በፊት እንዴት ይመዝኑታል?

ቤቱ ኮምፒውተር የሚገጥም ሰው ፕሮሰሰር ሲያወዳድር ይሰነብትና ኬዙን፣ ማለትም ዕቃዎቹ የሚገቡበትን ሳጥን፣ ግን በመልኩ ይመርጣል። ኬዙ ትልቅ ከሆነ ግድ የለም፤ የሚገባው ሁሉ ይገባል። ትንሽ ኬዝ ግን ባለቤቱን ያዛል። የትኛውን ማዘርቦርድ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ሰሌዳ)፣ የትኛውን ፓወር ሰፕላይ (ለዕቃዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ክፍል)፣ ምን ያህል ከፍታ ያለው የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ እንደሚገዙ የሚወስንልዎት እሱ ነው። ስለዚህ የኬዙ ትክክለኛ ዋጋ ካርቶኑ ላይ የተለጠፈው አይደለም፤ እሱ የሚያስገዛዎት ዕቃ ሁሉ ተደምሮ ነው የሚታወቀው። ከታች ያለው ቅደም ተከተል አብዛኛው በወረቀት፣ በእስክሪብቶና በሜትር የሚያልቅ ነው። ከተገጠመ በኋላ የሚሠራው የመጨረሻው ደረጃ ብቻ ነው።

1. የዕቃዎቹን ልክ አስቀድመው ይጻፉ

ኬዝ ማየት ከመጀመርዎ በፊት ውስጡ የሚገቡትን ዕቃዎች ልክ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ማዘርቦርድና ፓወር ሰፕላይ ቀላል ናቸው፤ መጠናቸው በስታንዳርድ የተወሰነ ነው። ሚኒ አይቲኤክስ ማዘርቦርድ 170 በ170 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማይክሮ ኤቲኤክስ ቢበዛ 244 በ244፣ ሙሉው ኤቲኤክስ ደግሞ 305 በ244። የተለመደው የኤቲኤክስ ፓወር ሰፕላይ ወርዱ 150፣ ከፍታው 86 ሚሊ ሜትር ሲሆን ርዝመቱ ግን ከ140 ጀምሮ እንደ ሞዴሉ ይጨምራል። ትንሹ ኤስኤፍኤክስ 125 በ63.5 በ100 ነው።

ግራፊክስ ካርድ (ለስክሪኑ ምስል የሚሠራው ካርድ) እና የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ እንዲህ አይደሉም። አንድ ዓይነት ቺፕ የያዙ ሁለት ካርዶች አንዱ ባለ ሁለት ፋን ሆኖ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ሌላው ባለ ሦስት ፋን ሆኖ ከ30 በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የቺፑን ስም ሳይሆን የሚገዙትን ካርድ ሙሉ የሞዴል ስም ይዘው ርዝመቱን፣ ከፍታውንና ውፍረቱን ከአምራቹ ገጽ ላይ ይቅዱ። ማቀዝቀዣም እንደዚያው ነው፤ ዝቅ ብሎ ከሚተኛው ዓይነት አንዳንዱ 37 ሚሊ ሜትር ላይ ሲያበቃ፣ እንደ ማማ የሚቆመው ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋን ማቀዝቀዣ ብዙውን ጊዜ 155 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል።

ኮምፒውተሩ ለጽሑፍ ሥራ፣ ለትምህርትና ፊልም ለማየት ብቻ ከሆነ፣ ግራፊክስ በውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ይበቃዎታልና ስለ ካርድ የሚያወራውን ሁሉ ዘለው ያልፉታል። እንዲህ ላለው ሥራ እጅግ ትንሽ ኬዝ እንኳን በደንብ ያገለግላል።

2. ኬዙ የሚያስገዛዎትን ይደምሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከሁለት ርካሽ ኬዞች አንዱ ሚኒ አይቲኤክስ ማዘርቦርድና ኤስኤፍኤክስ ፓወር ሰፕላይ ብቻ ይቀበላል እንበል። ሌላው ትንሽ ሰፋ ብሎ ማይክሮ ኤቲኤክስንና የተለመደውን ፓወር ሰፕላይ ይቀበላል። የመጀመሪያው ኬዝ በራሱ ዋጋ ቢረክስም፣ ሚኒ አይቲኤክስ ማዘርቦርድ በተመሳሳይ ቺፕሴት (የማዘርቦርዱ መቆጣጠሪያ ቺፕ) ከማይክሮ ኤቲኤክሱ ብዙ ጊዜ ይወደዳል፤ ኤስኤፍኤክስ ፓወር ሰፕላይም በተመሳሳይ ዋት ከትልቁ ይወደዳል። በዚያ ላይ የሚኒ አይቲኤክሱ የራም (የጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ቦታ በአብዛኛው ሁለት፣ የካርድ ማስገቢያው አንድ ብቻ ነው። ነገ ራም ልጨምር ቢሉ አሮጌውን አውጥቶ መጣል ሊኖርብዎት ነው።

እንግዲህ ሁለት ዓምድ አስምረው በእያንዳንዱ ኬዝ ሥር የማዘርቦርዱን፣ የፓወር ሰፕላዩን፣ የማቀዝቀዣውንና ለብቻ የሚገዛውን ፋን ዋጋ ይጻፉ። በጀት ጠባብ ከሆነና ጠረጴዛው ላይ ለጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቦታ ካለ፣ እኔ ሁልጊዜ ወደ ማይክሮ ኤቲኤክሱ አደላለሁ።

3. ይዘቱን በሊትር ያስሉ

ሻጩ «ኮምፓክት» ቢልም ባይልም ቁጥሩን እርስዎ ያውጡት። ርዝመት፣ ወርድና ከፍታን በሴንቲ ሜትር ያባዙና ለ1,000 ያካፍሉ። 38 በ20 በ35 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኬዝ 26.6 ሊትር ነው። ከ20 ሊትር በታች ያሉትን የትንንሽ ኮምፒውተር ወዳጆች የእውነት ትንሽ ይሏቸዋል። ሻጮች አንዳንዴ እግሩንና የሚወጡ ጠርዞችን ሳይቆጥሩ ይለካሉ፤ መደርደሪያ ውስጥ የሚያስገቡት ከሆነ ይህ ልዩነት ያመጣል። ከኋላ ለኬብሎቹ መታጠፊያም ጥቂት ቦታ ይተዉ።

4. እርስ በርስ የሚጣሉትን ቁጥሮች ይፈልጉ

የትንሽ ኬዝ ማስታወቂያ ላይ ያሉት ቁጥሮች እያንዳንዳቸው እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ግን ላይሠሩ ይችላሉ። «እስከ 300 ሚሊ ሜትር ግራፊክስ ካርድ» የሚለው ከፊት ምንም ፋን ሳይኖር ሊሆን ይችላል። የተለመደ ፋን ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር ነውና ፋኑ ከውስጥ በኩል ከገባ የሚቀርዎት 275 ነው። የውሃ ማቀዝቀዣ ራዲያተር (የውሃውን ሙቀት የሚያስወጣው ክፍል) ካሰቡ ደግሞ ራዲያተሩ ራሱ ብዙ ጊዜ 27 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከፋኑ ጋር 52 ይወስዳል፤ ለካርዱ 248 ይቀራል። ቅነሳውን እንዲህ በወረቀት ላይ ይሥሩት።

መግባትና ማስገባትም ይለያያሉ። 270 ሚሊ ሜትር ካርድ 275 ውስጥ ይቀመጣል፤ ነገር ግን ካርዱ ወደ ቦታው የሚገባው በሰያፍ ዘንበል ብሎ ስለሆነ፣ የኬዙ ጠርዝ ወደ ውስጥ የታጠፈ ከሆነ ፋኑን ሳይፈቱ አያልፍም። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሚሊ ሜትር ትርፍ ያለውን ይምረጡ።

የካርዱን ከፍታ ደግሞ ብዙዎች ይረሱታል። የኤሌክትሪክ ኬብሉ የሚሰካው ካርዱ ጎን ላይ ነው፤ ያ ጎን በትንሽ ኬዝ ውስጥ ከመስታወቱ ወይም ከላሜራው ጋር ይፋጠጣል። በአዳዲሶቹ ካርዶች ላይ ያለው ባለ 16 ፒን ሶኬት ደግሞ ኬብሉ ከሥሩ እንዳይታጠፍ፣ 35 ሚሊ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ እንዲወጣ ይመከራል። ሶኬቱ በደንብ ካልገባ ይሞቃል፤ ከሞቀም ይቀልጣል። በሩን በግድ ተጭነው የሚዘጉት ኬዝ ከሆነ ያንን ኬዝ ይተዉት።

ፓወር ሰፕላዩ ላይም እንዲሁ ነው። ኬዙ «እስከ 160 ሚሊ ሜትር» ካለ ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ኬብሎቹ የሚታጠፉበት ሌላ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ኬብሎቹ የሚነቃቀሉ ዓይነት ከሆኑ ሶኬቶቹ ራሳቸው ተጨማሪ ቦታ ይይዛሉ።

5. የአየሩን መንገድ በዓይንዎ ይከተሉ

አየር ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በጣትዎ ማሳየት ካልቻሉ ያ ኬዝ ይሞቃል። ርካሽ ኬዞች ገበያ ለመሳብ ፊታቸውን በመስታወት ይዘጉና ከጎን ቀጭን ስንጥቅ ይተዋሉ። ሦስት ባለ ቀለም ፋን ከመስታወት ጀርባ ተደርድሮ ማየት ያምራል፤ አየር ግን የለም። ፊቱ ወንፊት የሆነው ሁልጊዜም ይሻላል። ወንፊት ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ የስልክዎን መብራት ከጀርባው ያብሩና ይዩ፤ ብርሃን የማያሳልፍ ወንፊት አየርም በቀላሉ አያሳልፍም።

ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩ የት እንደሚቀመጥ ይመልከቱ። በአንዳንድ ትንንሽ ኬዞች ልክ ከማዘርቦርዱ ፊት ለፊት፣ ከፕሮሰሰሩ በላይ ይንጠለጠላል። ይህ ለማቀዝቀዣው ከፍታ የሚቀረውን ቦታ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ሙቀቱንም ያፍነዋል። ከፊት የሚቀመጥባቸውም አሉ፤ እነዚህ እስከ ኬዙ ጀርባ የሚደርስ ማራዘሚያ ኬብል በውስጣቸው ያልፋል። ማራዘሚያው ቀጭን ወይም ልል ሶኬት ያለው ከሆነ ጥሩ ምልክት አይደለም።

አብረው የሚመጡትን ፋኖች ቁጥራቸውን ሳይሆን ሶኬታቸውን ይዩ። ባለ 4 ፒኑ ፍጥነቱን ማዘርቦርዱ በደንብ ይቆጣጠረዋል፤ ባለ 3 ፒኑም በቮልቴጅ ይስተካከላል። በቀጥታ ሞሌክስ በሚባለው የፓወር ሰፕላይ መሰኪያ ላይ የሚሰካው ግን ሌሊትም ቀንም ባንድ ፍጥነት ይጮሃል። ለተራ የቤት ኮምፒውተር አንድ የሚያስገባና አንድ የሚያስወጣ 120 ሚሊ ሜትር ፋን ይበቃል። የሚያስገባው ከሚያስወጣው በርከት ቢል ይመረጣል፤ ያን ጊዜ አየሩ በአብዛኛው ማጣሪያ ባለበት በኩል ስለሚገባ በየቀዳዳው አቧራ አይሰበሰብም። ማጣሪያው በእጅ ተስቦ የሚወጣ መሆኑንም ያረጋግጡ። ለማጠብ ካቻቢቴ የሚጠይቅ ማጣሪያ አይታጠብም።

6. ላሜራውን ይፈትሹ

ርካሽ ኬዞች ብዙ ጊዜ 0.5 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ላሜራ ይሠራሉ። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ትንሽ ሳጥን ትልቅ ያህል አይወላገድም። ባዶውን ኬዝ ለጥ ያለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሰያፍ ሁለት ማዕዘኖቹን ተራ በተራ ይጫኑ። ከተንገዳገደ ፍሬሙ ጠማማ ነው፤ ማዘርቦርዱም ሲታሰር አብሮ ይጠማዘዛል። የውስጥ ጠርዞቹ ታጥፈው የተሠሩ እንደሆነ ይዩ፤ ያልታጠፈ ጠርዝ እጅ ይቆርጣል፣ ኬብልም ይልጣል።

ብሎኖቹን በእጅ ብቻ ጀምረው ይሞክሩ። በጣት ሁለት ሦስት ዙር የማይሄድ ብሎን በካቻቢቴ ሲገፋ ጥርሱ ይበላል። ከኋላ ያሉት የካርድ ቀዳዳ መክደኛዎች በብሎን የሚታሰሩ ናቸው ወይስ ተሰብረው የሚወጡ? የሚሰበሩት አንዴ ከወጡ አይመለሱም፤ ቀዳዳው እንደተከፈተ ይቀራል። ለአንድ ካርድ ግን ይህን ያህል አያሳስብም።

7. የኬብል ቦታና የፊት ሶኬቶች

ማዘርቦርዱ ከሚታሰርበት ላሜራ ጀርባ እስከ በሩ ያለውን ክፍተት ይለኩ። ባለ 24 ፒኑ የማዘርቦርድ ኬብል ወፍራም ነውና ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ካለ ደስ ይላል፤ ከአንድ ተኩል በታች ከሆነ በሩ ያብጣል። በላይኛው ጥግ የፕሮሰሰር ኬብል የሚያልፍበት ቀዳዳ መኖሩንም ይዩ፤ ከሌለ ኬብሉ በማዘርቦርዱ ላይ ተጋድሞ ይቀራል።

ከፊት ያለው ዩኤስቢ ሲ ሶኬት የሚሠራው ማዘርቦርዱ ላይ የራሱ መሰኪያ ካለ ብቻ ነው፤ ብዙ ርካሽ ማዘርቦርዶች የላቸውም። የማይሠራ ሶኬት ስላለው ተጨማሪ አይክፈሉ።

8. አብሮ የሚመጣ ፓወር ሰፕላይ ካለ

እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። በፓወር ሰፕላዩ ጎን ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት ትተው የ12 ቮልቱን አምፔር ያንብቡ፤ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ የሚመገቡት በዋነኛነት ከዚያ ነው። 500 ዋት ተብሎ 12 ቮልቱ 18 አምፔር ብቻ ከሆነ፣ 12 ሲባዛ በ18 የሚሰጠው 216 ዋት ነው። ቀሪው ወሬ ነው። በጨዋ ፓወር ሰፕላይ የ12 ቮልቱ ብቻውን ከአጠቃላዩ ብዙም አይርቅም። 12 ቮልቱ ለሁለት ተከፍሎ ከተጻፈ ዝም ብለው አይደምሩ፤ ለሁለቱ በአንድነት የተሰጠ ጣሪያ ይፈልጉ።

80 ፕላስ የሚለው ምልክት ኤሌክትሪክ ምን ያህል ሳይባክን እንደሚለወጥ ይናገራል እንጂ ስለ ደህንነት አያረጋግጥም። ቢሆንም ምልክቱም የአምራች ስምም የሌለው፣ በእጅ ሲያነሱት ባዶ ቆርቆሮ የሚመስል ፓወር ሰፕላይ ከሆነ ኬዙን ያለ እሱ ዋጋ ይገምቱት። ውስጡን ለማየት ብለው ግን አይክፈቱት፤ ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ካፓሲተሮቹ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ።

9. ከገጠሙ በኋላ በር ከፍተውና ዘግተው ይለኩ

ሻጩ ዕቃ የሚመልስበት ጊዜ ሳያልፍ አንድ ፈተና ያድርጉ። ሁሉንም በር ዘግተው ኮምፒውተሩን ከባድ ሥራ ላይ ለግማሽ ሰዓት ያቆዩትና የፕሮሰሰሩንና የካርዱን ሙቀት ይመዝግቡ። ከዚያ የፊቱን ክዳን ብቻ አንስተው ያንኑ ይድገሙ፤ በመጨረሻም የጎኑን በር ይክፈቱ። የክፍሉ ሙቀት በሦስቱም ጊዜ ተመሳሳይ ይሁን። ልዩነቱ ሁለት ሦስት ዲግሪ ከሆነ ኬዙ በደንብ ይተነፍሳል። የፊቱ ክዳን ሲነሳ አሥር ዲግሪ ከወረደ ክዳኑ አየሩን አንቆታል፤ የጎኑ በር ሲከፈት ብቻ ከወረደ ደግሞ ችግሩ ሞቃቱን አየር የሚያስወጣ ፋን ማነስ ሊሆን ይችላልና ከኋላ አንድ ጨምረው እንደገና ይለኩ። ፋን ተጨምሮም ካልተለወጠ ኬዙን ይመልሱ፤ ለዚህም ሲባል ካርቶኑንና የውስጡን ፎም ፈተናው እስኪያልቅ አይጣሉ።