ዋንድራይቭን አትግደሉት፣ እዘዙት

ከስልክ ሆትስፖት ከፍታችሁ ላፕቶፑን ታገናኛላችሁ። አንዲት ኢሜይል ልካችሁ ልትዘጉ ነው። ትንሽ ሳይቆይ ፓኬጁ ማለቁን የሚነግር ሜሴጅ ይመጣል። ደሴ ፒያሳ ያሉ ኮምፒውተር ቤቶች ይሄን ታሪክ ሳይሰሙ የሚውሉ አይመስለኝም፤ ባለላፕቶፑ ታዲያ አንዴ ኔትወርኩን፣ አንዴ ቫይረስን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ግን ዳታውን የበላችው ሰዓቱ አጠገብ ያለችው ትንሿ የደመና ምልክት ናት።

ዋንድራይቭም፣ ጉግል ድራይቭም፣ ድሮፕቦክስም ሥራቸው አንድ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው ይነሳሉ፣ መስኮት ሳይከፍቱ ከጀርባ ሆነው የተሰጣቸውን ፎልደር ይጠብቃሉ፣ አዲስ ወይም የተለወጠ ፋይል ካዩ ወደ ክላውድ (ኢንተርኔት ላይ ወዳለው ማስቀመጫ) ይጭናሉ፣ ከዚያ የመጣውንም ያወርዳሉ፤ ይሄ ነው ሲንክ የሚባለው። አብሽሩ፣ ቫይረስ አይደለም። ችግሩ አያያዛችን ላይ ነው።

በጣም የተለመደው ስህተት ታስክ ማናጀር (እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚያሳየውን መስኮት) ከፍቶ «ኤንድ ታስክ» ማለት ነው። ለጊዜው ጸጥ ይላል። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ስታበሩት ግን ተመልሶ ይመጣል፣ ያቋረጠውንም ሥራ ይቀጥላል። ዳታ መቆጠብ ከፈለጋችሁ የደመናዋን ምልክት ተጭናችሁ «ፖዝ ሲንኪንግ» በሉት። ዋንድራይቭ ለ2፣ ለ8 ወይም ለ24 ሰዓት ያቆምላችኋል፤ ሌሎቹም የማቆሚያ ቁልፍ አላቸው። ጭራሽ ከኮምፒውተሩ ጋር እንዳይነሳ ከፈለጋችሁ ደግሞ ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርትአፕ» የሚለው ጋ ገብታችሁ ዝጉት። ከዚያ በኋላ ግን ራሳችሁ እስክትከፍቱት ድረስ አንድም ፋይል እንደማይጫን አትርሱ።

ሁለተኛው ስህተት ሆትስፖትን እንደ ቢሮ ዋይፋይ ማየት ነው። እናንተ ካልነገራችሁት ዊንዶውስ የስልክ ፓኬጅ ላይ መሆናችሁን ላያውቅ ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ የተገናኛችሁበትን ዋይፋይ ከፍታችሁ «ሜተርድ ኮኔክሽን» (ዳታው የሚቆጠር መስመር) የሚለውን አብሩት። ዋንድራይቭ ይህን ሲያይ ካልከለከላችሁት በቀር ራሱ ሥራውን ያቆማል። ፍጥነቱን መገደብም ይቻላል። እዚህ ላይ ግን ሰው ይሸወዳል፤ በሰከንድ 50 ኪሎባይት ትንሽ ይመስላል፣ ነገር ግን ሳያቋርጥ ከሠራ በሰዓት ወደ 180 ሜጋባይት ይሄዳል። «እኔ ምንም አላወረድኩም» የሚል ሰውም አለ። ወንድሜ፣ የሚጫነውም ከፓኬጁ ይቆረጣል!

ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ ወዲያው ቫይረስ ነው ማለትም አለ። መጀመሪያ አካውንት የገባችሁ ቀን ወይም ብዙ ፎቶ አንዴ የገለበጣችሁ ቀን ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፋይል ማየት አለበት፣ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ላይ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ቢል አይገርምም። ሺህ ትንንሽ ፋይሎች ከአንድ ትልቅ ፋይል ይልቅ ያደክሙታል። ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ትታችሁት እደሩ፣ ሲጨርስ ይረጋጋል። የጉግል ድራይቭ ወይም የድሮፕቦክስ ስም ታስክ ማናጀር ላይ ደጋግሞ ቢታይም ጤነኛ ነው። ጥርጣሬ ካላችሁ ስሙ ላይ በቀኝ ተጭናችሁ ፋይሉ ያለበትን ቦታ አስከፍቱት። በማይክሮሶፍት ፎልደር ውስጥ መገኘት ያለበት ዋንድራይቭ ፍላሽ ላይ ወይም ዳውንሎድ ውስጥ ከተገኘ ያኔ ፍሩ። በየፕሪንት ቤቱ ስትዞር የዋለች ፍላሽ ይዛ የማትመጣው ነገር የለምና።

አሁን ወደ ትልቁ እንምጣ። ሲንክን እንደ ባክአፕ፣ ማለትም ለክፉ ቀን ለብቻው እንደተቀመጠ ኮፒ መቁጠር። ላፕቶፑ ሞላ ብላችሁ ዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ ያለውን «ክላውድ ላይ አለ» እያላችሁ ዲሊት ካደረጋችሁት ክላውድ ላይም ይጠፋል፣ በዚያው አካውንት ከተከፈተው ሌላ ላፕቶፕም ይጠፋል። ሁለቱን ወገን አንድ ማድረግ ነው ሥራው፤ ታዝዞ ነው ያጠፋው። በግል አካውንት ከሆነ ሪሳይክል ቢን ውስጥ 30 ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ወዲያ እንጃ። ቦታ ለማስለቀቅ ፋይሉ ላይ በቀኝ ተጭናችሁ «ፍሪ አፕ ስፔስ» በሉ። ያኔ ስሙ ይቀርና ፋይሉ ክላውድ ላይ ይቀመጣል፣ አጠገቡም ሰማያዊ ደመና ይታያል። ያቺ ደመና ያለበት ፋይል ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስብሰባ ላይ ፕሬዘንቴሽን ልታቀርቡ ከሆነ ከቤት ሳትወጡ «ኦልዌይስ ኪፕ ኦን ዚስ ዲቫይስ» በሉት፤ ሙሉ አረንጓዴ ክብ ሲሆን ዝግጁ ነው።

የሂሳብ ሠራተኞች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም የሚጠቀምበትን የድርጅት ፎልደር እንዳለ ሲንክ የሚደረግ ቦታ ላይ አታስቀምጡ። ፒችትሪ ብዙ ፋይሎችን አንድ ላይ ከፍቶ ይሠራል፣ አንዱ ከሌላው ጋር የተያያዘ ነው። ሲንኩ ደግሞ አንዱን አሁን፣ ሌላውን ቆይቶ ይጭናል። ክላውድ ላይ የተቀመጠው ኮፒ ግማሹ የጠዋት፣ ግማሹ የከሰዓት ሂሳብ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፣ ሁለት ሰው ከሁለት ኮምፒውተር ከከፈተው ደግሞ አለቀለት። ዳታው ከሲንክ ውጪ ይቀመጥ። ማታ ሥራ ስትጨርሱ ከራሱ ከፒችትሪ ባክአፕ አውጡና ያንን አንድ ፋይል ወደ ሲንክ ፎልደሩ ጣሉት። የፋይሉ ስም ላይ ቀኑን ብትጽፉበት ይመረጣል።

ቦታ መሙላቱን አለማየትም አለ። ዋንድራይቭ በነፃ 5 ጊጋባይት ይሰጣል፣ ጉግል 15፣ እሱም ከጂሜይልና ከፎቶ ጋር ተደምሮ ነው። ሲሞላ አዲስ ፋይል መጫን ያቆማል፣ እናንተም ማስጠንቀቂያውን ሳታነቡ ትዘጉታላችሁ። አዲስ ላፕቶፕ ስታስተካክሉ ዴስክቶፕና ዶክመንትስ ዋንድራይቭ «ባክአፕ» በሚለው አገልግሎት ውስጥ ገብተው ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ አንድ የሠርግ ቪዲዮ ዴስክቶፕ ላይ ስትጥሉ 5 ጊጋው አበቃ። ይህን አገልግሎት ስታጠፉት ዴስክቶፑ ባዶ ቢሆን አትደንግጡ፣ ፋይሎቹን ዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ «ዴስክቶፕ» የሚል ታገኛላችሁ።

የመጨረሻው፣ ሲንኩ ባለበት ቆሞ አልንቀሳቀስ ሲል ፎርማት ማስደረግ። ከዚያ በፊት ከአካውንቱ «አንሊንክ» በሉትና (ያላቅቀዋል) እንደገና ግቡ። ኮምፒውተሩ ላይ ሙሉ በሙሉ የወረዱት ፋይሎች አይጠፉም፣ ብዙ ጊዜም ይነቃል። ፎርማቱ የግድ ከሆነ ደግሞ ለሠሪው ከመስጠታችሁ በፊት ምልክቷን ተጭናችሁ ሁሉም ተጭኖ ማለቁን እዩ፤ ያልተጫነ ካለ በፍላሽ ወይም በኤክስተርናል አውጡት።