ኢንሱሊን በ35 ዶላር፦ የሚኒሶታን ሕግ እንዴት መጠቀም ይቻላል?

ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊኑ ሊያልቅበት ሲል ፋርማሲ ይሄዳል። ዋጋው ብዙ መቶ ዶላር ነው ይሉታል። ከዚያ ብዙ ሰው የሚያደርገው ያው ነው፦ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይመለስና ፍሪጅ ውስጥ የቀረችውን ማብቃቃት ይጀምራል። ይህን የምጽፈው አንድ ሰው እንኳ ቢሆን እንዳይመለስ ነው።

ማብቃቃት ይገድላል። አሌክ ስሚዝ አሜሪካ ውስጥ የሚኒሶታ ስቴት ልጅ ነበር። 26 ዓመት ሲሞላው ከእናቱ ኢንሹራንስ ወጣ። ለወሩ መድኃኒትና ዕቃ ወደ 1,300 ዶላር ተጠየቀ። ኢንሱሊኑን እየቆጠበ ሲወጋ፣ ኢንሹራንሱ ከተቋረጠ አንድ ወር ሳይሞላ በጁን 2017 ሞተ። እናቱ ኒኮል ስሚዝ-ሆልት ሴንት ፖል ያለውን የስቴቱን ምክር ቤት ደጅ ጠንተው፣ ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ሆነው ሕግ አስወጡ። ገዢው ቲም ዋልዝ በኤፕሪል 2020 ፈረሙበት። ከጁላይ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ይሠራል። ስሙም የአሌክ ስሚዝ ሕግ ነው። ስሙን ያዙት፣ ፋርማሲ ውስጥ ያስፈልጋችኋል።

1. የቀረውን ቁጠሩ

ቤት ያለው ኢንሱሊን ለስንት ቀን ይበቃል? ከ7 ቀን በታች ከሆነ በሕጉ ቋንቋ አስቸኳይ ችግር ላይ ናችሁ። ዛሬውኑ ወደ 3ኛው ሂዱ። ከዚያ በላይ ካላችሁ 2ኛውን አንብቡ።

ውኃ ጥሙ ከበረታ፣ ማስታወክ ከመጣ፣ ትንፋሹ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ከሸተተ ወይም አተነፋፈሱ ከተለወጠ ግን ስለ ዋጋ ማሰብ ይቁም። 911 ይደወል።

2. ኢንሹራንሳችሁን እወቁ

ሜዲኬር (የፌዴራሉ የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች ኢንሹራንስ) ያላችሁ ሰዎች ከ2023 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ለአንድ የኢንሱሊን ዓይነት በወር ከ35 ዶላር በላይ አትከፍሉም። ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የተዘጋጁት የሚኒሶታ ፕሮግራሞች፣ ሜዲካል አሲስታንስ (ሜዲኬይድ) ወይም ሚኒሶታኬር ላይ ያላችሁም እዚያው ተጠቀሙ፣ የአስቸኳዩ መንገድ ለእናንተ አልተሠራም። የሚያስቸግረው በሥራ በኩል ኢንሹራንስ ያለው ሰው ነው።

ብዙ ስቴቶች እንዲህ ያለው ሰው ለኢንሱሊን የሚከፍለውን ገድበዋል። የመጀመሪያዋ ኮሎራዶ ናት፣ በ2019፤ ያኔ ጣራው በወር 100 ዶላር ነበር። የኛ ሰው በብዛት ከሚኖርባቸው ውስጥ ሜሪላንድ 30፣ ዋሽንግተን ስቴት 35፣ ቴክሳስ 25 ዶላር ብለዋል። ሚኒሶታም ከ2025 ጀምሮ የስኳር መድኃኒትን ለአንድ ማዘዣ በወር 25 ዶላር፣ መርፌና መለኪያውን የመሰለውን ዕቃ ደግሞ በጠቅላላ በወር 50 ዶላር ላይ ገድባለች።

ይህ ጣራ ግን የሚያስገድደው ስቴቱ የሚቆጣጠረውን ኢንሹራንስ ብቻ ነው። ትልልቅ ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ የሠራተኛውን የሕክምና ወጪ የሚከፍሉት ከራሳቸው ካዝና ነው። የኢንሹራንስ ኩባንያውን የሚቀጥሩት የወረቀት ሥራውን እንዲሠራላቸው ነው። እንዲህ ያለውን ፕላን በ1974 የወጣ የፌዴራል ሕግ ከስቴቶች እጅ አውጥቶታል። ካርዱ ላይ ግን የኩባንያው ስም በትልቁ ተጽፏል። ካርዱን አይቶ መለየት ለብዙ ሰው አይቻልም። በኮሎራዶና በቴክሳስ ግን ካርዱ ላይ "ዲ ኦ አይ" (DOI) ወይም "ቲ ዲ አይ" (TDI) የሚሉ ፊደላት ካሉ ስቴቱ ይቆጣጠረዋል ማለት ነው።

አክስቴን የገጠማት ይሄው ነው። ጣራው አንቺን አይመለከትም አሏት፣ ምክንያቱን ግን ማንም አላስረዳትም። ኢንሹራንሱ ጋ ስንደውል ወደ መሥሪያ ቤቷ መሩን። መሥሪያ ቤቷ ደግሞ መልሶ ወደ ኢንሹራንሱ። መልስ ያገኘነው ለኤችአር (ለሠራተኛ አስተዳደሩ) አንዲት አጭር ጥያቄ በኢሜይል ከጻፍን በኋላ ነው፦ "የጤና ፕላናችን ሰልፍ ፈንድድ ነው ወይስ ፉሊ ኢንሹርድ?" ሰልፍ ፈንድድ ማለት ድርጅቱ ከራሱ ካዝና የሚከፍልበት፣ ፉሊ ኢንሹርድ ማለት ደግሞ ኢንሹራንሱ ራሱ የሚከፍልበት ፕላን ነው። በእነዚሁ ቃላት ጠይቁ። በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን፣ በስልክ የተነገረ ነገር ነገ ይካዳል። "ፉሊ ኢንሹርድ" ካሏችሁ ጣራው ለእናንተም ይሠራል። ፋርማሲው አላውቅም ቢል ለስቴቱ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ አቤት በሉ።

"ሰልፍ ፈንድድ" ከተባላችሁም አላለቀም። የአሌክ ስሚዝ ሕግ ጥንካሬው እዚህ ላይ ነው። የሚያዘው ኢንሹራንሱን ሳይሆን ዋነኞቹን አምራቾች ነው፦ ኢላይ ሊሊን፣ ኖቮ ኖርዲስክንና ሳኖፊን። ኢንሹራንሳችሁን ማን እንደሚቆጣጠረው አይጠይቅም። የሚጠይቀው ለኢንሱሊን በወር ከ75 ዶላር በላይ ትከፍላላችሁ ወይ ብሎ ነው። ከከፈላችሁ፣ ወይም ኢንሹራንስ ጭራሽ ከሌላችሁ፣ በሩ ክፍት ነው።

3. አስቸኳዩ የ30 ቀን ኢንሱሊን

የሐኪም ማዘዣና የሚኒሶታ መታወቂያ ወይም መንጃ ፈቃድ ያዙ። ለልጅ ከሆነ የወላጅ ይበቃል። የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ የሚያሳስባችሁ አትፍሩ፦ ሚኒሶታ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ የኢሚግሬሽን ሁኔታ ሳትጠይቅ መንጃ ፈቃድ ትሰጣለች። ማመልከቻው የስቴቱ የጤና ኢንሹራንስ ገበያ ከሆነው ከኤምኤንሹር (MNsure) ድረ ገጽ ይገኛል። አትማችሁ፣ ሞልታችሁና ፈርማችሁ ሂዱ። የወር ኢንሱሊን ይሰጣችኋል። ፋርማሲው ማስከፈል የሚችለው ቢበዛ 35 ዶላር ነው።

አንዳንድ ፋርማሲስት ፕሮግራሙን ሰምቶት አያውቅም። እኛንም "እንዲህ ያለ ነገር የለም" ብሎ የመለሰን አለ። አትጨቃጨቁ፣ ከመስኮቱም አትራቁ። "የአሌክ ስሚዝ ሕግ" በሉና ኃላፊውን ጥሩ። ፋርማሲዎችን የሚቆጣጠረውን የሚኒሶታ ፋርማሲ ቦርድን እንዲጠይቅ ንገሩት። የተሟላና የተፈረመ ማመልከቻ ሲቀርብ መስጠት በሕግ የተጣለበት ግዴታ ነው። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራቸው ወላጆች ብቻቸውን ባይሄዱ ደስ ይለኛል። የኛ ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል፣ አንዴ "የለም" ከተባለ ሁለተኛ አይጠይቅም።

ይህ በ12 ወር አንዴ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ኢንሱሊኑን ይዛችሁ እንደገባችሁ ቀጣዩን ጀምሩ።

4. የዓመቱ ፕሮግራም

ይህኛው ማመልከቻ የሚሄደው ኢንሱሊናችሁን ለሚሠራው ኩባንያ ነው። የቤተሰብ ገቢ ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ 4 እጥፍ መብለጥ የለበትም። በ2025 ስሌት ለአንድ ሰው በዓመት 62,600፣ ለአራት ሰው ቤተሰብ 128,600 ዶላር ነበር። ታክሲ የሚነዳ፣ ሆስፒታል የሚሠራ፣ መጋዘን የሚሠራ አብዛኛው ወገናችን ከዚህ በታች ነው። "እኔ ሥራ አለኝ፣ አይሰጡኝም" አትበሉ።

ኩባንያው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ከተፈቀደ ለአንድ ዓመት ያገለግላል፤ ለ90 ቀን ኢንሱሊን ከ50 ዶላር በላይ አትከፍሉም። ከከለከላችሁ ሳትዘገዩ ለፋርማሲ ቦርዱ ይግባኝ በሉ። ፎርም መሙላት የሚከብዳችሁ የኤምኤንሹር ናቪጌተሮች (ማመልከቻ ላይ የሚረዱ ሰዎች) በነፃ ያግዛሉ፤ አስተርጓሚም ጠይቁ።

ስለ ሌሎቹ አቋራጮች

የአምራቾቹ የራሳቸው የ35 ዶላር ፕሮግራሞች ጥሩ ናቸው። ከሚኒሶታ ውጭ ላለ ሰው መጀመሪያ የምነግረው እነሱን ነው። ሜዲኬይድ ወይም ሜዲኬር ላለው ግን አይሠሩም። ዋልማርት የሚሸጠውን 25 ዶላር ገደማ የሆነውን የድሮ ኢንሱሊን ግን ያለ ሐኪም ምክር አትቀይሩ። ሥራ የሚጀምርበትና የሚበረታበት ሰዓት ከአዲሶቹ ይለያል፣ ስኳርን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድ ይችላል። ከጎረቤት የተዋሱትን መውጋትም እንደዚያው ነው።

ስቴታችሁ ሕጉ ከሌለው

አድራሻችሁን በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡ የሚወክሏችሁ ሰዎች ስም ይወጣል። አብዛኞቹ ምክር ቤቶች ሥራ የሚጀምሩት ጃንዋሪ ላይ ስለሆነ ከዚያ በፊት ጻፉላቸው። ስትጽፉ ግን "ኮፔይ (ኢንሹራንስ ያለው ሰው ፋርማሲ ላይ የሚከፍለው ድርሻ) ይገደብ" ብቻ አትበሉ፤ እሱ ኢንሹራንስ የሌለውንና ሰልፍ ፈንድድ ያለውን ሰው ውጭ ያስቀረዋል። አምራቹን የሚያስገድድና በአስቸኳይ ፋርማሲ ላይ የሚሰጥ ሕግ ጠይቁ። ሚኒሶታን በምሳሌነት ጥቀሱ፤ የሕጉ ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ አባሪ አድርጋችሁ መላክ ትችላላችሁ።