ቢሲጂ ሠርቷል ወይ? ስንለካ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

"ሲስተር፣ ጠባሳው አልወጣም እኮ። ይደገምላት?"

ቢሲጂ ሕፃናት ክንዳቸው ላይ የሚወጉት የቲቢ ክትባት ነው፤ ክትባት ክፍል የሠራ ሰው ይህችን ጥያቄ ያውቃታል። እናትየዋ የልጇን እጅጌ ሰብሰብ አድርጋ ክንዷን ታሳያለች፤ ምንም የለም፣ ልስልስ ያለ ቆዳ ነው። መልሱ "አይደገምም" ነው። አብዛኞቹ ሕፃናት ላይ ከሳምንታት በኋላ ትንሽ ቁስል ወጥታ፣ ደርቃ፣ ጠባሳ ትተዋለች፤ አንዳንዶቹ ላይ አትወጣም። ጠባሳ ስለሌለ ብቻ እንደገና መከተብን የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክርም። ጠባሳዋ መርፌው መሰጠቱን ትመሰክራለች። ልጅቷ ከቲቢ መጠበቋን ግን ከሷ ማወቅ አይቻልም።

ሁለተኛው ስህተት የቲቢ የቆዳ ምርመራ ላይ ነው። ክንድ ላይ ቱበርኩሊን (ከቲቢ ባክቴሪያ የሚወሰድ ፕሮቲን) ይወጋና ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይነበባል። አንዳንዱ ማስመሪያ ይዞ ቅላቱን ይለካል። ቅላቱን ተወው! የሚለካው በጣት ሲዳሰስ ጠጠር የሚለው እብጠት ነው። ይህ እንኳ ቀላሉ ነው። ከባዱ "15 ሚሊሜትር ወጣ፣ ክትባቱ በደንብ ይዟል" የሚለው ነው። እብጠቱ ሰውነት ያንን ፕሮቲን እንደሚያውቀው ብቻ ነው የሚናገረው፤ ከቢሲጂ ይወቀው ከራሱ ከቲቢው አይለይም። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950 በተጀመረው ትልቅ ሙከራ ላይም ክትባቱ የሰጠው ጥበቃ ከእብጠቱ መጠን ጋር አልተያያዘም።

ተቃራኒውም አለ። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ለሥራ ሲመረመር ፖዘቲቭ የተባለ ሐበሻ "አይ፣ ሕፃን ሆኜ ስለተከተብኩ ነው" ብሎ ይገላገላል። በጨቅላነት የተወሰደ ቢሲጂ በቆዳ ምርመራ ላይ የሚተወው ምልክት ግን ከዓመታት በኋላ በአብዛኛው ይደበዝዛል። ስለዚህ ወዳጄ፣ የደም ምርመራውን አድርግ፣ ራጁንም ተነሳ።

የደም ምርመራው (ኢግራ የሚባለው) ደግሞ የራሱ ስህተት አለው፦ ኔጌቲቭ ሲመጣ "ክትባቱ አልሠራም" ማለት። የቢሲጂ ፈጣሪዎች ካልሜትና ጌራን ክትባቱ የተሠራበትን ባክቴሪያ ፈረንሳይ፣ ሊል ከተማ ውስጥ 13 ዓመት ሙሉ፣ 230 ጊዜ ወደ አዲስ ማሳደጊያ እያዛወሩ ሲያሳድጉት የተወሰኑ ጂኖቹን ጥሏል። ኢግራ የሚፈልገው እነዚያ ጂኖች የሚሠሯቸውን ፕሮቲኖች ነው። ቢሲጂ ውስጥ የሉም። የሌለ ነገር ከየት ይምጣ?

አሁን ወደ ትልቁ፣ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ወደወደቁበት። ደም ተቀድቶ ቲ ሴሎቹ (በሽታ የሚዋጉ የደም ሴሎች) ብዙ ኢንተርፌሮን ጋማ (ሲነቃቁ የሚለቁት ፕሮቲን) ካመነጩ "ተጠብቋል" ማለት። ደቡብ አፍሪካ፣ ዉስተር አካባቢ፣ የተከተቡ ሕፃናት በ10ኛ ሳምንታቸው ደም ተወሰደና ክትትል ተደረገባቸው። በኋላ ቲቢ የያዛቸውና ያልያዛቸው ልጆች ሲነጻጸሩ በሴሎቹ ብዛትም ሆነ ዓይነት አልተለዩም። እዚያው ቢሲጂን ያጠናክራል የተባለ ኤምቪኤ85ኤ የተባለ ክትባት 2,800 ገደማ ሕፃናት ላይ ተሞከረ፤ ሴሎቹን ቀሰቀሰ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ ሲወጣ ግን ከቢሲጂው በላይ የጨመረው ጥበቃ አልታየም። ለጎረምሶች ቢሲጂን መድገምም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በኢግራ የሚታይ ዘላቂ ኢንፌክሽንን በ45 በመቶ ቀነሰ ተብሎ ብዙ ተወራ፤ 1,800 በሚሆኑ ልጆች ላይ ተደግሞ በ2025 ሲታይ ግን ምንም። ሴሎቹ ግን ያኔም ጨምረው ነበር!

አንዱ ችግር የምንለካው ክንድ ላይ በተቀዳ ደም መሆኑ ነው፤ ውጊያው ያለው ሳንባ ውስጥ ነው። ቢሲጂ በደም ሥር የተሰጣቸው ዝንጀሮዎች፣ ከ10ሩ 9ኙ፣ በደንብ ተጠብቀዋል፤ ሳንባቸው ውስጥም ብዙ ቲ ሴል ተገኝቷል። (በደም ሥር መውሰድ ለሰው የተፈቀደ አይደለም፣ እንዳትሞክሩት።)

የመጨረሻው ስህተት "ከምን ተጠበቀ?" ብሎ አለመጠየቅ ነው። ቢሲጂ ሕፃናትን ከማጅራት ገትር ቲቢና መላ ሰውነት ላይ ከሚሰራጨው ዓይነት በደንብ ይከላከላል። የአዋቂ ሳንባ ላይ ግን ውጤቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ደቡብ ሕንድ ቺንግልፑት ላይ በተደረገው ግዙፍ ሙከራ ምንም አልከላከለም።

ለዚህ ነው ነቃ ያለች ሲስተር የልጅቷን ክንድ አይታ፣ እጅጌዋን መልሳ፣ እናትየዋን "ቤት ውስጥ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ያለበት ሰው አለ?" ብላ የምትጠይቀው።